የአያ ጓንጉል ምላጭ

ከግራ ጆሮዬ በላይ ፀጉር የማይበቅልባት አንዲት መስመር አለች። ርዝመቷ ግማሽ ጣት አይሞላም። ጎንደር ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የጣልያን ጥይት የጫረኝ ይመስለዋል፤ እኔም "አይደለም" ብዬ አላውቅም። ድግስ ላይ ከአርበኞቹ አጠገብ ያስቀምጡኛል፣ ሥጋው ቀድሞ ወደ እኔ ይመጣል፣ "የት ውጊያ ላይ ነው?" ሲሉኝ አንገቴን ደፋ አድርጌ "ተዉት እባካችሁ" እላለሁ። እውነቴን ነው፣ ቢተዉት ደስ ይለኛል። አሁን ግን አረጀሁ፤ የንስሐ አባቴም ነገሩን ሰምተው ስቀው ስለጨረሱ ለእናንተ ብናገር የሚጎድለኝ የለም። ጠባሳዋ የጠመንጃ ናት፣ ይኸ ውሸት የለበትም። ጥይት ግን አልነበረበትም።

በዚያን ጊዜ፣ ጣልያን በወጣ በጥቂት ዓመቱ መሆኑ ነው፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ሥራዬ ብዕርና ቀለም ነው። ነገር ግን በጣልያን ጊዜ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ሳምንት ማኪና አጥቤአለሁ፤ በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ የብረት ምሥጢር ሁሉ የተገለጠልኝ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ስወጣ አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ ፒንሳና አንድ ሞረድ ይዤ ወጣሁ። እንዴት ይዘሃቸው ወጣህ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ጣልያኖቹም አልጠየቁኝም።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ጤና አጣ። ኩራዙን ጠገንኩት፣ ጋዙ ከሥር መፍሰስ ጀመረ። የበሩን ቁልፍ ጠገንኩት፣ ሁለት ሳምንት በመስኮት ገብተን ወጣን። የብረት አልጋውን ጠገንኩት፣ እሱን እንኳ ባልናገረው ይሻላል። ባለቤቴ ጥሩነሽ "ለባለሙያ ብንሰጠውስ?" ባለች ቁጥር የኔ መልስ አንድ ነው፤ "ቆይ፣ እኔው እጠግነዋለሁ።" ይህችን ቃል ስትሰማ ፊቷ ሲቀያየር አያታለሁ፣ ግን እጄ ካቻቪቴው ላይ ከደረሰ በኋላ የሰው ፊት የማነብ ሰው አይደለሁም።

መጨረሻ ላይ የመጣው የሰዓቷ ነገር ነው። እናቷ ለሠርጓ የሰጠቻት ደወል ያላት የጠረጴዛ ሰዓት ነበረች። አምስት ደቂቃ ትዘገያለች ብዬ ከፈትኳት። ስዘጋት መዘግየቱን ተወችና ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ጥሩነሽ ቆማ ትንሽ አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን ለበሰች፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ የምትሄድ የጭነት ማኪና ተሳፈረችና አባቷ ቤት ገባች።

ናፈቀችኝ። ናፈቀችኝ ስል እንዲሁ ለወግ አይደለም፣ እህል አልበላ አለኝ። የሚቆጣኝ ሰው በሌለበት ብሎን መፍታት እንኳ ደስ የማይል ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እናቴ ጎረቤቴ ነበረችና ማታ ማታ ወጥ ታመጣልኛለች፤ ድስቱን አስቀምጣ፣ ወደ ኋላ የምትሄደውን ሰዓት አይታ፣ አማትባ ትወጣለች።

ሁለት ወር እንዳለፈ የጥሩነሽ አባት አያ ጓንጉል ከዚያው ከወገራ መጡ። ገብስ አራሽ ናቸው፣ በጎልማሳነታቸው የታወቁ ነብር አዳኝ። ነብር የጣሉበትን ምንሽር ትከሻቸው ላይ አንግተው፣ አንድ የቆዳ ቦርሳ ይዘው ገቡ። ፀጉራቸው አድጎ ተንጨፍርሯል። እሳቸው በየወሩ የሚላጩ ሰው ናቸውና ገረመኝ፣ ግን የአማት ፀጉር ለምን አደገ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።

"ስማ ልጄ" አሉኝ ቁጭ እንዳሉ። "ጥሩነሽ ትወድሃለች። ምን አይታብህ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ግን ፈርታለች፤ አንድ ቀን እሷንም የምትፈታታት ይመስላታል።"

"አያ፣ ሁለተኛ ዕቃ አልነካም።"

"ማልልኛ።"

"ጊዮርጊስን፣ እርስዎ ካላዘዙኝ በቀር ብሎን የሚባል ነገር አልነካም።"

"ካላዘዙኝ በቀር" ያልኩት ክፉ አስቤ አይደለም። ማመልከቻ ጸሐፊ ስለሆንኩ በማንኛውም ቃል ውስጥ አንዲት መውጫ ቀዳዳ ማስቀረት ልማዴ ነው።

"ሸጋ" አሉ። "እንግዲያው የሚመጣው እሑድ ሁለት ሽማግሌና እሷን ይዤ እመጣለሁ። እጅህ ንጹሕ ሆኖ ካገኘንህ ትቀመጣለች። አንዲት ነገር ፈታተህ ብናገኝ ግን ይዣት እመለሳለሁ፤ የፍቺውንም ማመልከቻ አንተው ራስህ ትጽፈዋለህ።"

ተመልሼ መምጣቴ ነው፣ ምን አሸከመኝ ብለው ምንሽሩንና ቦርሳውን ግድግዳዬ ላይ አንድ ምስማር ላይ ሰቅለው ሄዱ። እኔም ወንበሬን አዙሬ፣ ለጠመንጃው ጀርባዬን ሰጥቼ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። እንደዚያ ያለ ጾም ጾሜ አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት አምባ ጊዮርጊስና ጎንደር የሚመላለሰው የጭነት ማኪና ሹፌር ጃንጥላዬ ሥር መጥቶ ቆመ። ሰውየው መልእክት የሚያደርሰው በቃሉ ነው፤ አንዲት ፊደል አያጎድልም ተብሎ የተመሰገነ ነው።

"አያ ጓንጉል ልከውኛል" አለ። "'ምላጩ ደንዟል፤ እስክመጣ አስለህ ቆየኝ፤ ስለት አለብኝ' ብለዋል።"

"ምላጩን ነው ያሉት?"

"ምላጩን።"

"አስለህ ብለው?"

"አስለህ። ምነው፣ ጆሮህንም ፈታታኸው እንዴ?"

ጃንጥላዬን አጥፌ ወደ ቤቴ በረርኩ። ምላጭ ማለት ያው ጠመንጃው ላይ ጣት የሚስባት ቆልማማ ብረት ናት። ምንሽሩን ከምስማሩ አወረድኩ፣ ጥይት እንደሌለው አየሁ፣ አቀባበልኩትና ምላጩን ሳብኩ። ወይ መደንዘዝ። አንድ ጣት አልበቃ ብሎኝ ሁለተኛ ጨመርኩ፤ በስንት ትግል ቀጭ አለ። እውነታቸውን ነው አልኩ፣ በዚህ ዓይነት እሳቸው ምላጩን ስበው እስኪጨርሱ ነብሩ ሌላ አገር ይገባል። ስለት ያሉትም ገባኝ፤ አንድ ነብር ለመግደል ተስለዋል ማለት ነው። መሐላዬም ትዝ አለኝ፤ እርስዎ ካላዘዙኝ በቀር። ይኸው አዘዙኝ። ባዘዙኝ ጊዜ ደስታዬን ብታዩ ኖሮ ታዝኑልኝ ነበር።

ቦርሳውን በክብር አንስቼ አልጋ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ቀን ቤቴ ሰንብቷል፣ አንድም ጊዜ አልከፈትኩትም። የሰው ቦርሳ የምከፍት ሰው አይደለሁም።

ከዚያ ካቻቪቴዬን አወጣሁ። የምላጩን ብሎን እንደፈታሁ አንዲት ትንሽ ሞላ ተፈናጥራ ወጣች፣ ጣሪያውን ነክታ ተመልሳ እናቴ ያመጣችው የሽሮ ድስት ውስጥ ጥልቅ አለች። በጭልፋ ፈለግኋት፣ አጣኋት። እየበላሁ ብፈልግ ይሻላል ብዬ በላሁ። ድስቱ ባዶ ሆነ፣ ሞላዋ የለችም። ያን ዕለት ስቀመጥም ስነሳም በጥንቃቄ ነበር።

ሌላ ሞላ ከየት ይምጣ? ከጥሩነሽ ሰዓት አወጣሁ። ሰዓቷ መቼም ወደ ኋላ ከምትሄድ ብትቆም ይሻላታል። ከዚያ ሞረዴን አንስቼ የምላጩን ጥርስ መሳል ጀመርኩ፤ ጠመንጃው ሲቀባበል ምላጩን ነክሶ የሚይዝ ጥርስ አለ፣ እሱን። ትንሽ ስዬ ሞከርኩ፣ ቀለል አለ። ጥቂት ጨመርኩ፣ ሸጋ ሆነ። እዚህ ላይ ቆም ብል ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። "አስለህ" ብለዋል እኮ አልኩና ሌላ ጨመርኩ።

ገጥሜ አቀባበልኩት። ጣቴን ገና ወደ ምላጩ ሳስጠጋ ቀጭ አለ። እንደገና አቀባበልኩት፣ አሳለኝ፣ ቀጭ አለ። ሦስተኛ አቀባብዬ ትንፋሼን ይዤ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ እናቴ ድስቷን ልትወስድ በሩን ስታንኳኳ ቀጭ አለ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ አያ ጓንጉል ጥይት አጉርሰውበት፣ አንግተውት፣ በማኪና ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጠው ሲያስነጥሱ ታዩኝ። ሳቄ ጠፋ። እሑድ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ሚስቴ የምትመለሰውም የማትመለሰውም በዚያች በሞረድ በበላኋት ጥርስ ሆነ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ወለቃ ለመሄድ ተነሳሁ። ወለቃ አያ በሪሁን የሚባሉ ቤተ እስራኤል ብረት ሠሪ አሉ፤ እሳቸው ያልጠገኑት ነገር አይጠገንም ይባላል። የአማቴን ጠመንጃ ተሸክሜ በከተማ መሐል ማለፍ አልችልም፣ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ከእናቴ ቤት አንድ ሰሌን ተዋስኩ። ሰሌን ለመኝታ ይነጠፋል፣ እህል ይሰጣበታል፣ ሬሳም ይጠቀለልበታል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ አስቤ ነው። ለአያ በሪሁን ጉዳቱን ለማሳየት ጠመንጃውን አቀባበልኩት፣ ቀስ ብዬ በሰሌኑ ጠቀለልኩት፣ እንዳይንኮሻኮሽ ሁለት ቦታ አሰርኩት፣ ተሸከምኩና ቀስ እያልኩ መራመድ ጀመርኩ። ስለ እሑድ እያሰብኩ ስሄድ፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ እንባዬ ይወርድ ነበር።

ከከተማው ወጣ እንዳልኩ ሁለት ሴቶች አገኙኝ።

"ውይ፣ ምነው ብቻህን?" አለች አንደኛዋ። "ሰው የለህም ወይ?"

ጥሩነሽን እያሰብኩ ስለነበር "የለኝም" አልኩ።

"ማንህ ናት?"

"እናቴ ..." አልኩ። የእናቴ ሰሌን ነው ልል ነበር። አላስጨረሱኝም፤ ሁለቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እሪ አሉ። ጩኸቱን ሰምተው ከእርሻቸው ሦስት ሰዎች ሮጠው መጡና "ሬሳ ለአንድ ሰው አይተውም" ብለው ከትከሻዬ ላይ ተቀበሉኝ። ተዉ ብል፣ አይሆንም ብል፣ ኀዘን ያናገረኝ ነው የመሰላቸው።

"እንዴት ቀለለች" አለ አንዱ ሸክሙን እያመዛዘነ።

"ጾመኛ ስለነበረች ነው" አለች ሴትየዋ እያለቀሰች።

ቀጥሎ አንድ ቄስ ተቀላቀሉን። ፍትሐት ሊያደርሱ የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። ጠመንጃ ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ሰዉ እያለቀሰ ነው፣ ብናገር እዚያው ይወግሩኛል። የእናቴን የክርስትና ስም "ወለተ ማርያም" አልኩ፣ እሳቸውም ጀመሩ። ያ መልእክት ያመጣልኝ ሹፌር ማኪናውን ይዞ በአጠገባችን ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲያልፍ አየኝ፣ ቆቡን አወለቀ፣ በእንባ የራሰ ፊቴን አይቶ ራሱን ነቀነቀና ነዳው። ልጠራው አፌን ስከፍት አቧራ ገባበት።

ወለቃ ስንቃረብ ሰዎቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፍ ጀመሩ። እኔ "በዚህ በኩል ነው" እያልኩ ወደ ብረት ሠሪው እጠቁማለሁ። እንዲህ ስንጓተት የፊተኛው ሰው ድንጋይ አደናቀፈው፤ ከሰሌኑ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ቀጭ።

ሁሉም ባለበት ቆመ። ቄሱ ፍትሐቱን አቋርጠው "ምን አለች?" አሉ።

"ነፍስ አላት" አለች ሴትየዋ በቀስታ።

ሰሌኑን መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ፣ ከሁሉም ኋላ ሆነው የተገኙት ቄሱ ናቸው። እኔ ወለተ ማርያምን አንስቼ፣ ታቅፌ፣ ቁልቁል ሮጥኩ።

አያ በሪሁን ደጃፋቸው ላይ እጃቸውን ታጥበው ንጹሕ ለብሰው ተቀምጠዋል። ምድጃቸው ውኃ ተረጭቶበት ጠፍቷል። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ሰንበታቸው ሊገባ። ሰሌኑን ፈትቼ ጠመንጃውን ሳሳያቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉና በዓይናቸው ብቻ አዩት።

"ጥርሱ አልቋል" አሉ። "ይኸ አዲስ ጥርስ ይፈልጋል፣ እሳት ይፈልጋል። እሳቴን አጥፍቻለሁ። እሑድ ጠዋት ና።"

"እሑድማ የኛ ሰንበት ነው፣ ሽማግሌም አለብኝ።"

"እንግዲህ የኔ ሰንበት አለ፣ ያንተ ሰንበት አለ። ሰኞ ነዋ።"

"አያ በሪሁን፣ ሰኞ ሚስት የለኝም።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

"አንድ የማውቀው ሰው ነው።"

"ለሰውየው ንገርልኝ" አሉ። "ለሱ ሳምንቱ ሁሉ ሰንበት ቢሆንለት ይሻለው ነበር።"

በሌላ መንገድ ዞሬ ቤቴ ገባሁ። ምንሽሩን እንደነበረ ሰቀልኩት፣ ቦርሳውንም እንደነበረ። እሑድ አያ ጓንጉል ጥይት ከማጉረሳቸው በፊት እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ወሰንኩ፣ ከዚያ አልናገርም ብዬ ወሰንኩ፣ እንዲህ ሳደርግ ነጋ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከደጅ የለቅሶ ጩኸት ሰማሁ። ብወጣ ጥሩነሽ ናት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየደቃች ትመጣለች። ከኋላዋ አያ ጓንጉል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎችና ያ ሹፌር። መጀመሪያ የሰዓቷን ሞላ ነገር የሰማች መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግን "እመዬ፣ እመዬ" ስትል ሰማኋት። እመዬ የምንላት እናቴን ነው።

በዚህ ጊዜ እናቴ ከቤቷ ወጣች። ጎረቤት ሲያለቅስ ቀድሞ ማልቀስ፣ ኋላ መጠየቅ ነው ወጉ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣችና ጥሩነሽን አቅፋ አብራት አለቀሰች።

"ማን ሞተብን ልጄ?"

"እመዬ ናት፣ እመዬ ሞታ ሳልቀብራት።"

"ወይኔ እመዬ፣ ወይኔ እመዬ" አለች እናቴ፣ ከሁላችን ይልቅ አምርራ። ጥቂት እንዳለቀሰች ድምፅዋ ቀስ እያለ መጣ። "የትኛዋ እመዬ?" አለች።

ጥሩነሽ ቀና ብላ አየቻት። ሁሉም ወደ ሹፌሩ ዞረ።

"በዓይኔ ነው ያየሁት" አለ ሹፌሩ። "በሰሌን ጠቅልሎ፣ እያለቀሰ፣ ቄስ እየፈታለት።"

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቤት አስገባኋቸውና ከሽሮው ጀምሮ እስከ አያ በሪሁን ሰንበት ድረስ አንዲት ሳላስቀር ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አያ ጓንጉል አልሳቁም። ተነሱ፣ ምንሽሩን አወረዱ፣ አቀባበሉት፣ ጥርሱን አዩት፣ እንደተቀባበለ መልሰው ሰቀሉት። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፈቱ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ዘረጉት። የፀጉር ምላጭ ነው። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ይኸን ነበር" አሉ። "ደንዟል ያልኩህ ይኸን ነው።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ልጄ ከትዳሯ የወጣች ዕለት" አሉ፣ "ወደ ቤቷ እስክትመለስ ፀጉሬን አልላጭም ብዬ ለጊዮርጊስ ተስያለሁ። እሑድ እሷን አስታርቄ፣ እዚሁ ደጅህ ላይ ልላጭ ነበር። ስለት አለብኝ ያልኩህ እሱን ነው።"

እኔ የበላሁት ጥርስ ሳይሆን ያ የተንጨፈረረ ፀጉራቸው አሳፈረኝ። የማስታረቅ ጉዳይ የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እኒህ ሰው ሁለት ወር ሙሉ ለኔ ትዳር ራሳቸውን ሲያክኩ ኖረዋል።

ቢሆንም ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ተነሳሁና ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሥቼ፣ "መሐላዬ 'ካላዘዙኝ በቀር' የሚል ነው፤ ትእዛዙም 'ምላጩ' ይላል እንጂ የትኛው ምላጭ እንደሆነ አይለይም፤ እኔም ምላጭ ስያለሁ" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው "እውነት አለው" አሉ። ልቤ ሞቅ አለ።

"ቆዩ" አሉ ሁለተኛው፣ ወደ ሹፌሩ ዞረው። "ቃሉ 'ስለህ' ነው ወይስ 'አስለህ'?"

"አስለህ" አለ ያ አንዲት ፊደል የማያጎድል ሰው። "ከፊቱ 'አ' አለበት።"

"እንግዲያው ለሌላ ሰው ሰጥተህ አሳል ነው የተባልከው እንጂ ራስህ ሳል አልተባልክም" አሉኝ ሽማግሌው። ዕድሜ ልኬን በፊደል ስበላ የኖርኩ ሰው በአንዲት "አ" ተያዝኩ። በምላጩ ረታሁ፣ በ"አ" ተረታሁ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና "ፍርዱ የሷ ነው" ብለው ወደ ጥሩነሽ አመለከቱ።

ጥሩነሽ የቆመችውን ሰዓት ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ነቀነቀቻት፣ ባዶዋን ሰማቻት፣ መልሳ አስቀመጠቻት።

"ሹፌሩ ስታለቅስ እንዳየህ ይናገራል" አለችኝ። "ጠመንጃ ተሸክመህ ምን አስለቀሰህ?"

"ሰኞ እንደማትኖሪ አስቤ ነው።"

ወደ አባቷ ዞረች። ከዚያ ምላጩን ከአባቷ እጅ ወሰደች፣ ከደጅ ድንጋይ አምጥታ ውኃ ጠብ እያደረገች ሳለችው፣ እስኪጠራ ሳለችው። "አባባ፣ ይቀመጡ" አለች። እሳቸውም ተቀመጡ፤ ፀጉራቸውን ትላጭ ጀመር። ወደ ቤቷ እስክትመለስ አይላጩም ነበርና፣ እየላጨቻቸው ከሆነ ፍርዱ ተሰጠ ማለት ነው። እናቴ እንደገና አለቀሰች፣ ያሁኑ ስለ ራሷ አልነበረም።

አባቷን ጨርሳ ወደ እኔ ዞረች። "አንተም ና፣ ተቀመጥ። መንገደኛው ሁሉ እናቱ ሞታበታለች ብሏል፣ ሳትላጭ ብትታይ ምን ይሉሃል።" ተቀመጥኩ። ሁለት ወር ያልነካኝ እጇ ራሴ ላይ ሲያርፍ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከቀኝ ወደ ግራ መጣች፣ ጆሮዬን በጣቷ አጠፍ አደረገች፣ ምላጩን ከላዩ አሳረፈች።

ይህን ጊዜ ልሂድ ብሎ የወጣው ሹፌር ከደጅ የማኪናውን ጥሩንባ አስጮኸ። ምንሽሩ ግድግዳው ላይ ሆኖ ቀጭ አለ። የጥሩነሽ እጅ ደንገጥ አለ።

ደሙ ወደ አንገቴ ሲወርድ ተሰማኝ። እጄን ልልክ ስል በጥፊ መታችብኝ፣ የነጠላዋን ጫፍ ጨምድዳ ቁስሉ ላይ ጫነችው፣ እንዲህም አለች፤

"አትንካው። ቆይ፣ እኔው እጠግነዋለሁ።"

ያለችውን የሰማችው ካለችው በኋላ ነው። አያ ጓንጉል የተላጨ ራሳቸውን ይዘው ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እንዴት አድርጋ እንደጠገነችው ደግሞ ይኸው፣ ቀረብ ብላችሁ እዩት።